ተመላሹና ዱቤው

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ደመወዙ በሁለት በር ይወጣበታል፤ በምሳና በመንገድ። እኔም ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር በአንደኛው መኪና እየሄድሁ ቤንዚን አዋጣለሁ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በስልክ እንዲከፈል ከታዘዘ ወዲህ የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው።

ባለፈው ሰኞ በመንገድ ላይ ክርክር ተነሣ። በአሜሪካ ለምግብና ለነዳጅ ከከፈሉት ላይ ጥቂት የሚመልሱ የዱቤ ካርዶች አሉ፤ እኛስ ምን እንምረጥ? ለእነዚያ ካርዶች የሚቀርበው የቴሌብር «እንደኪሴ» ነው፤ ይኸውም ስትከፍሉ ሒሳባችሁ ቢጐድል የጐደለውን የሚሞላ ብድር ነው። ብድር ግን ክፍያ አለው።

እስቲ የሁለት መቶ ብር ምሳ እንውሰድ። አራት ብር ይመለስላችኋል እንበል፤ ገንዘቡን ተበድራችሁ ስምንት ብር ብትጠየቁ፥ አራት ብር ከስራችሁ በተመለሰው አራት ብር ትደሰታላችሁ! ስለዚህ አስቀድማችሁ የብድሩን ክፍያ ጠይቁ፤ ቀጥሎ ተመላሹ በብር ወይስ በአየር ሰዓት እንደሚሰጥ፥ እስከ ስንት እንደሚደርስም እወቁ።

እኔ ራሴ «ተመላሽ አለው» ብዬ ሽሮዬን ትቼ ሁለት ቀን ጥብስ በልቻለሁ፤ የወሩን መጨረሻ በእግሬ ጨረስሁት። አሁን ምሳዬ በእትዬ የዱቤ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ተመላሽ የለውም፥ ወለድም የለውም።

ባለ መኪናው ግን የቤንዚኑ ተመላሽ ሲመጣ ለአራት እንደምንካፈል ምሎልናል።