«ፍቅር» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

 

በዶርም ውስጥ ስለ ሃይማኖት የሚነሣ ወሬ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ክርስቲያኑ ጓደኛችን «የእኛ አምላክ የፍቅር አምላክ ነው» ይላል። ከእኛ ወገን ያለው ወንድም «ታዲያ አላህ አይወድም ያለህ ማነው?» ይላል፤ ወይም ደግሞ «ልጁን የሚያሰቅል ምን ዓይነት ፍቅር ነው?» ብሎ ያፌዛል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይጨምራል፤ ሐሳብ ግን አይጨምርም። ሁለቱም ተኮራርፈው ይተኛሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንለው አንድ ነገር ነው። ክርስቲያኖች «የእግዚአብሔር ፍቅር» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እነሱ ራሳቸው በሚያስተምሩት መንገድ ሳናውቅ የምንሰጠው መልስ፣ ላልተጠየቅነው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። እምነታቸውን መቀበልና እምነታቸውን በትክክል መረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን አናደርግም፤ ሁለተኛው ግን ይጠበቅብናል።

ለምን ያስፈልገናል?

ባሌ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ የሚኖርበት አገር ነው። በአንድ ገበያ ይገበያያል፣ በለቅሶና በሠርግ ይገናኛል፣ ልጆቹን በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ጎባ ከተማ፣ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ዶዶላን ጨምሮ በተለያዩ የኦሮሚያ ከተሞች የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት እንደነበር እናስታውሳለን። ለነዚያ ግጭቶች ምክንያት የሆነው የዐቂዳ ክርክር አልነበረም። ሆኖም አንድ ሰው ስለ ጎረቤቱ እምነት የሚያውቀው ቀልድና ፌዝ ብቻ ከሆነ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ያንን ጎረቤት እንደ ሰው ማየት ይከብደዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙያችን ነው። በጎባ ካምፓስ የምንገኝ ብዙዎቻችን የጤና ተማሪዎች ነን። በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ የምናገኛት እናት ልጇ ሲታመም የመስቀሉን ነገር እያነሣች የምትጽናና ክርስቲያን ልትሆን ትችላለች። የምታምንበትን አንጋራትም። ግን ምን እያለች እንደሆነ የማይገባው ሐኪም ወይም ነርስ፣ ታማሚውንም ቤተሰቡንም ግማሽ ብቻ ነው የሚሰማው።

እነሱ የሚሉት ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ «አምስቱ አዕማደ ምሥጢር» የሚባሉ አሉ፤ እነሱም ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። የፍቅሩ ትምህርት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ፣ ለነሱ ፍቅር አምላክ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ብቻ አይደለም፤ ባሕርዩ ነው ይላሉ። ለዚህም የዮሐንስን አንደኛ መልእክት 4ኛ ምዕራፍ ይጠቅሳሉ። «ፍጥረት ሳይኖር በፊት ማንን ይወድ ነበር?» ቢባሉ፣ መልሳቸው ሥላሴ ነው፤ አብ ወልድን በዘለዓለም ይወዳል የሚል። በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ በአፍቃሪ፣ በተፈቃሪና በፍቅር መስሎ ለማስረዳት ሞክሯል።

ሁለተኛ፣ ይህ ፍቅር ከሩቅ ሆኖ አልቀረም ይላሉ። ቃል ሥጋ ለበሰ፣ በለበሰው ሥጋም መከራ ተቀበለ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ «ልጁን ገደለው» የሚለው ፌዛችን እነሱ ከሚያስተምሩት ጋር አይገናኝም። በነሱ ትምህርት የአብና የወልድ ፈቃድ አንድ ነው፤ ወልድም በገዛ ፈቃዱ ራሱን ሰጠ ይላሉ። በስቅለት ዕለት ሲሰግዱ የሚውሉት አምላካችን ለእኛ ሲል ራሱን አዋረደ ብለው ስለሚያምኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍቅሩ የሰውን መልካም ሥራ አይጠብቅም ይላሉ። በሮሜ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ላይ ተመሥርተው፣ ሰዎች ገና ኃጢአተኞች ሳሉ ተወደዱ ይላሉ። የመካነ ኢየሱስ፣ የሙሉ ወንጌልና የሌሎች ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት ምእመናን «ጸጋ» የሚሉት ይህንኑ ነው። እነዚህኞቹ ስለ ተከፈለ ዕዳ አጥብቀው ይናገራሉ፤ ኦርቶዶክሶቹ ደግሞ ሞትን ድል ስለ መንሣትና የሰው ባሕርይ ስለ መታደሱ። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ጨምረን መልስ መስጠት አይቻልም።

«እንግዲያው እንደ ፈለጉ ኃጢአት ይሥሩ ማለት ነው» የሚለውም ችኩል ፍርድ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ ይጾማል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ቅጣትም ይቀበላል። ፕሮቴስታንቱም ጸጋ ያልለወጠው ሕይወት ጸጋውን አልተቀበለም ይላል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የዶርሙ ክርክር ከሚበላሽበት ምክንያት አንዱ ቋንቋ ነው ብለን እናስባለን። በዐረብኛ «ረሕመት» እና «መሐባ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአላህ ረሕመት ሁሉን ነገር እንደሚያካልል ሱረቱል አዕራፍ 156 ላይ ተነግሮናል። ፀሐይና ዝናብ፣ ጤናና ሲሳይ ለሚያምነውም ለሚክደውም ይደርሳሉ። መሐባ ግን ከዚህ የጠበበ ነው። ቁርኣን አላህ በጎ ሠሪዎችን፣ ተውበት አድራጊዎችን፣ ታጋሾችንና ፍትሐዊዎችን እንደሚወድ ደጋግሞ ይናገራል፤ በዳዮችን፣ ወሰን አላፊዎችንና ኩራተኞችን እንደማይወድም እንዲሁ።

በአማርኛ «ፍቅር»፣ በኦሮምኛ «ጃለላ» የሚሉት ቃላት ሁለቱንም ትርጉሞች ይይዛሉ። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ሁሉን ይወዳል» ሲል፣ እኛ ረሕመት ብለን ወደምንጠራው የቀረበ ነገር እየተናገረ ሊሆን ይችላል። የእኛ ወንድም ግን የሚሰማው መሐባን ነው፤ ስለዚህ «የለም፣ በዳይን አይወድም» ይላል። ክርስቲያኑም «የእነሱ አምላክ ሰውን ይጠላል» ብሎ ይሄዳል። አንዱ ያለውን ሌላው አልሰማውም።

እዚህ ላይ ማሳየት የሚገባን ብዙ ነገር አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከምርኮኞች መካከል ልጇን ስትፈልግ ቆይታ አግኝታ ያቀፈችውን እናት አሳይተው፣ አላህ ለባሮቹ ከእርሷ የበለጠ አዛኝ መሆኑን አስተምረዋል። በበረሃ ስንቁን የጫነች ግመሉ ጠፍታበት፣ ሞትን ሲጠባበቅ ያገኛትን ሰው ጠቅሰው፣ አላህ በባሪያው ተውበት የሚደሰተው ከዚያ ሰው በላይ እንደሆነ ነግረውናል። ሁለቱም ሐዲሶች በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ናቸው። «አል-ወዱድ» የሚለው ስም በሱረቱ ሁድና በሱረቱል ቡሩጅ ተነስቷል። ኢማም አል-ገዛሊም ከኢሕያእ መጻሕፍት አንዱን ሙሉ ለመሐባ ሰጥተውታል። «የሙስሊሞች አምላክ የሚፈራ እንጂ የሚወደድ አይደለም» የሚለው ንግግር እነዚህን ሁሉ ካለማወቅ የመጣ ነው። እኛ ራሳችን ሳናውቃቸው ግን ሌላው እንዲያውቃቸው ልንጠብቅ አንችልም።

እውነተኛው ልዩነት

ቋንቋውን ካጠራን በኋላም ልዩነት ይቀራል፤ ያም ትልቅ ልዩነት ነው። መደበቅም ማለዘብም አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ስለ አላህ አንድነት ነው። ፍቅር ዘለዓለማዊ እንዲሆን በአምላክ ውስጥ ሌላ አካል መኖር አለበት የሚለውን አንቀበልም። ኢማም አጥ-ጠሓዊ በዐቂዳ ኪታባቸው፣ አላህ ፍጥረትን ከማስገኘቱ በፊትም «ፈጣሪ» የሚለው ባሕሪ የእርሱ እንደነበር አስተምረዋል። ወዱድነቱም እንዲሁ ነው፤ ሙሉ ለመሆን የሚወደድ አጠገቡ እንዲኖር አይፈልግም።

ሁለተኛው ስለ ምሕረት ዋጋ ነው። በሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ያለውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። አባትየው ልጁን ከሩቅ አይቶ ሮጦ ያቅፈዋል፤ መሥዋዕት አልጠየቀም። «ታዲያ መስቀሉ ለምን አስፈለገ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ክርስቲያኑ የሚሰጠው መልስም ቀላል አይደለም። ይቅር የሚል ሰው ጉዳቱን ራሱ ይሸከማል፣ መስቀሉም አምላክ ያንን ጉዳት ሲሸከም ያሳያል ይላል። ጨርሶ እስኪናገር እንስማው። ከዚያ የእኛን እንንገረው፦ ጉዳት የሚደርሰው ሊጎድልበት በሚችል ላይ ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲሰል ቁድሲ፣ የባሮች አመፅ አላህን እንደማይጎዳ፣ መስጠቱም ካለው እንደማይቀንስ ተነግሮናል። አደም (ዐ.ሰ.) ተውበት አደረጉ፣ ተውበታቸውም ተቀባይነት አገኘ፤ ታሪኩ በዚያው ተዘጋ። ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከምም። የዒሳን (ዐ.ሰ.) መሰቀል የማንቀበለውም በቁርኣን ግልጽ ቃል ነው።

ሦስተኛው ስለ ምላሽ ነው። «ቅድመ ሁኔታ ያለው ፍቅር ፍቅር አይደለም» ሲሉን፣ ሱረቱል ማኢዳ 54ን እናስታውስ። በዚያ አንቀጽ የአላህ መውደድ ከባሮቹ መውደድ ቀድሞ ተጠቅሷል። ጀማሪው እርሱ ነው። ነገር ግን ሱረቱ አሊ ዒምራን 31 ላይ እንደተገለጸው፣ አላህን እወዳለሁ የሚል ሰው ማስረጃው መልእክተኛውን መከተሉ ነው። ይህ ለእኛ ፍቅርን አያሳንሰውም፤ እውነተኛነቱን ይለካል።

«ኢማን ያደክማል» ለሚሉ

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች የሌላውን እምነት በዚህ መጠን ማወቅ ኢማንን ያደክማል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱን አንንቀውም፤ ተውሒድን በወጉ ያልተማረ ሰው መጀመሪያ የራሱን ይማር። ነገር ግን ሸይኹል ኢስላም ኢብኑ ተይሚያ በ«አል-ጀዋቡ አስ-ሰሒሕ» ኪታባቸው፣ ከቆጵሮስ ለመጣ የክርስቲያኖች ደብዳቤ መልስ ሲሰጡ የጸሐፊውን ቃል በሰፊው እያሰፈሩ ነበር። የተባለውን ሳያዛቡ አቀረቡ፣ ከዚያም መለሱ። እንደዚህ ያለ ጥንቃቄ ከኢማን ጥንካሬ የሚመጣ ነው።

ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብም (ረ.ዐ.) በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ አገራችን ከተሰደዱት ጋር ሆነው በነጃሺ ፊት ሲቆሙ፣ ከሱረቱ መርየም አነበቡ። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ሲጠየቁ ደግሞ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆናቸውን ሳያድበሰብሱ ተናገሩ። የተጠጉት የእርሱን ጥላ ነበር፤ እሱን ለማስደሰት እምነታቸውን አልቀነሱም፣ ልዩነታቸውን ለማሳየትም አልተሳደቡም። በዚህች አገር የሙስሊምና የክርስቲያን የመጀመሪያው ንግግር እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ለጀመዓችን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። በሳምንታዊው ደርሳችን ስለ አስማኡል ሑስና ስንማር አል-ወዱድንና አር-ረሕማንን በቂ ጊዜ እንስጣቸው። ስለ ክርስትና የምንናገር ከሆነ የተማረ ሰው ያስተምረን፤ ከቪዲዮ የተለቃቀመ ቀልድ አይጠቅመንም። በዶርምም ጓደኛችን «ፍቅር» ሲል፣ ከመልሳችን በፊት «ምን ማለትህ ነው?» እንበለው።

በሱረቱል ሙምተሒና 8 ላይ አላህ በሃይማኖት ምክንያት ላልተጋደሉንና ከቤታችን ላላወጡን ሰዎች በጎ እንድንውል፣ ፍትሕንም እንዳናጓድልባቸው አልከለከለንም። አንቀጹ የሚያበቃው አላህ ፍትሐዊዎችን እንደሚወድ በመናገር ነው። የሰውን ንግግር ሳያጣምሙ መስማት ከፍትሕ አንዱ ክፍል ነው። ስለ አላህ ፍቅር የምንከራከር ሰዎች፣ አላህ እወደዋለሁ ያለውን ፍትሕ በክርክራችን መካከል አንጣለው።

ወላሁ አዕለም።