መብራቱ ምን አጠፋ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዚህ ወር ጉዳያችን የመጣው ከአንድ ጎረቤታችን ዘንድ ነው። ሐጂ የኮተቤ ነዋሪ ናቸው። ከሾላ ገበያ እህል እየጫኑ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በእንጦጦ ግርጌ ወዳሉት መንደሮች በሚያደርሱባት የቤንዚን ፒክአፕ ቤተሰባቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ባለፉት ስድስት ወራት ግን በዳሽቦርዷ ላይ “ቼክ ኢንጂን” የሚባለው ቢጫ መብራት እየበራ አስቸገራቸው። አንዱ ጋራዥ የኦክስጅን ሴንሰር ቀየረ። ሌላው ያንኑ ሴንሰር እንደገና ቀየረ፤ ካንዴላም ጨመረበት። መብራቱ በመሣሪያ ሲጠፋ ሁለት ቀን ይሰነብትና ዳገት ላይ ተመልሶ ይበራል። በመጨረሻም “ሐጂ፣ የእንጦጦ አየር ነው፤ ይልመዱት” ተባሉ።

ሐጂ ተሰላችተው መኪናዋን ለመሸጥ ወሰኑ። ገዢም ተገኘ፤ የዕቁብ ገንዘቡን ይዞ የጭነት ሥራ ሊጀምር የተነሳ ወጣት። ደላላው “አምፖሏን ነቅለን እንሽጣት፤ ማን ያያል?” አላቸው። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ከመስጊድ ስንወጣ ነገሩን አንስተው “ልጄ፣ መኪናዋ እኮ ትሄዳለች። እኔ ምን ውሸት ተናገርኩ?” አሉኝ። ድምፃቸው ግን ልቡ ያረፈለት ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሁለታችንም የምናውቀውን ታሪክ አነሳን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። በዘገባው ውስጥ ያ ሻጭ በአንደበቱ ሲዋሽ አንሰማም። ጥፋቱ እርጥቡ ከሥር መሆኑ ነበር።

ሐጂ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና “እንግዲያው ሕመሟን እንፈልግላት” አሉ።

መብራቱ የሚናገረው ምንድን ነው?

ይህ መብራት የሞተሩን ሥራ የሚከታተለው ኮምፒውተር ለሹፌሩ የሚናገርበት ነው። ኮምፒውተሩ ጉድለት ሲያገኝ አንድ ፊደልና አራት ቁጥር ያለው ኮድ ይመዘግባል። አሠራሩ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ በአውሮፓም ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 ወዲህ። ኮዱ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ሥር በሚገኘው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ስካነር በመሰካት ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ከዚህ በኋላ ነው። ኮድ የታየውን ምልክት ይናገራል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይሰይምም። የሐጂ መኪና ኮድ “ፒ 0171” ነበር፤ ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ይህን የታዘበው የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ጋራዦቹ ምስክሩን ሁለት ጊዜ ቀየሩት፤ አዲሱም ምስክር ያንኑ ቃል ሰጠ።

የእንጦጦ አየርስ? አዲስ አበባ በአብዛኛው ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በእንጦጦ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። መኪና ዳገቱ ላይ የሚደክመው ከዚህ የተነሳ ነው። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ መኪኖችም በከፍታ ላይ ነዳጅ ይበዛባቸው ነበር። ባለ ኮምፒውተሯ ግን የሚገባውን አየር ለክታ ነዳጁን ስለምታመጥን፣ ጤነኛ ከሆነች ስለ ከፍታው ብቻ መብራት አታበራም።

ወደ አንድ ጥንቁቅ መካኒክ ሄድን። ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት፣ ጉድለቱ በተመዘገበበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የያዘውን መረጃ አወጣ። መኪናዋ በዝግታ እየሄደች ሞተሩ ግን በከባድ ሸክም ላይ ነበር፤ ዳገት ላይ ማለት ነው። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ ከአየር መለኪያው ሴንሰር ወደ ሞተሩ የሚያልፈውን የጎማ ቱቦ በእጁ ጠመም አደረገው። ከእጥፋቱ ሥር ጣት የሚያህል ስንጥቅ ብቅ አለ። ሜዳ ላይ ስንጥቁ ይገጥማል። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጎተተ ወደ ጎን ሲያጋድል ይከፈትና ያልተለካ አየር ሾልኮ ይገባል። ቱቦው ተቀየረ። ዋጋው ከአንዱ ሴንሰር ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ሐጂ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭነው ዳገቱን ተመላለሱበት፤ መብራቱም አልተመለሰም።

ለባለ መኪናዎች

1. ቢጫው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ የጭስ ማጣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ፍጥነት ቀንሳችሁ ምቹ ቦታ ላይ ቁሙ። ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከበራ ደግሞ ወዲያው አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ።

2. ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት በወረቀት ይጻፍላችሁ። መብራቱ መቼና የት እንደሚበራም መዝግቡ፤ ለመካኒኩ ትልቅ እርዳታ ነው።

3. ርካሹን አስቀድሙ። የአየር ፊልትሮ፣ የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸው፣ የባትሪ ጫፎች፣ የተላጡ ሽቦዎች ይታዩ። በናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ የነዳጅ ፊልትሮ ውስጥ ውሃ መኖሩና የጭስ መላሹ ቫልቭ በጥላሸት መደፈኑ ይመርመር።

ለሚገዙ ወጣቶች

ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ ክፈቱት። ቼክ ኢንጂን መብራቱ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ይጠፋል። ቁልፍ ሲከፈት ጭራሹኑ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሰው ነክቶታል። ኮዱ በቅርብ ቀን ተሰርዞ ከሆነም ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራዎች ገና እንዳልጨረሰ በስካነር ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ጥቂት ቀን ተነድታ እንደገና ትታይ በሉ።

ሐጂ ወጣቱን ጠርተው የሆነውን ሁሉ ነገሩት፤ የተሰነጠቀውንም ቱቦ አሳዩት። ወጣቱ ዋጋ አስቀነሰ፤ ሐጂም ተቀበሉ። ደላላው “ሐጂ፣ ከሰሩ” ሲላቸው “የቀነስኩትን አውቀዋለሁ፤ ያተረፍኩትን ደግሞ አላህ ያውቀዋል” ብለው ቁልፉን ለልጁ አስረከቡ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንንም በረካ ያለበት ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።