በወደዱት ላይ በቅን ስለ መፍረድ

ልጁ ባጠፋ ጊዜ የሚቆጣ አባት ብዙ ነው፤ ልጁ ያጠፋውን መርምሮ የሚቆጣ አባት ግን ጥቂት ነው። እናትም በበኩሏ ፍቅሯ በዓይኗ ፊት እንደ መጋረጃ ይሆንባትና የልጇን ጥፋት በጎረቤት ልጅ ላይ ታሳብባለች። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ በአንድ ቀን ሁለት ፍርድ ይሰማል፤ ሁለቱም የተፈረዱት ነገሩ ሳይመረመር ነው። እኛ በችሎት አጠገብ ተቀምጠን የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ስንጽፍ ብዙ ዘመን የቆየን ሰዎች ስለ ሆንን፥ ይህ ነገር ዘወትር ያሳስበናል። ለዚሁም ምሳሌ የሚሆን ነገር ስንፈልግ፥ ከሩቅ አገር ከአንድ የኳስ ጨዋታ አገኘነው። ክቡራን አንባቢዎቻችን የቤተ ሰብ ዓምድ ከኳስ ጋራ ምን አገናኘው ሳይሉ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡን እንለምናለን።

አገሩ አውስትራልያ ነው። በዚያ አገር ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍል፥ ከሜልቦርን ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በባሕር ወሽመጥ ዳር ጂሎንግ የሚባል የወደብ ከተማ አለ። የከተማው የኳስ ማኅበር የተመሠረተው በ1859 ነው፤ የጨዋታውም ሕግ በሜልቦርን መጀመሪያ የተጻፈው በዚሁ ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮጳ ልማድ ነው።) ተጫዋቾቹ ሰማያዊና ነጭ ዝንጉርጉር ልብስ ይለብሳሉ፤ ሕዝቡም ድመቶች እያለ ይጠራቸዋል።

ጨዋታው እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ እጅግ የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ሜዳውም እንዲሁ ሞላላ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 18 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሱንም በእጅ መያዝ የተፈቀደ ነው። በሜዳው በሁለቱ ጫፍ አራት አራት ምሰሶ ቆሟል፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ረጃጅሞች፥ የዳሮቹ ሁለቱ አጫጭሮች ናቸው። አጥቂው በእግሩ የመታው ኳስ ሌላ ሰው ሳይነካው በረጃጅሞቹ መካከል ያለፈ እንደ ሆነ ግብ ይባላል፤ 6 ነጥብም ይቆጠርለታል። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ቢያልፍ፥ ወይም ረጅሙን ምሰሶ ቢነካ፥ ወይም ተከላካዩ ነክቶት ቢያልፍ ግን ቢሃይንድ ይባላል፤ የሚቆጠርለትም 1 ነጥብ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው የመዝገቡ አጻጻፍ ነው። በሌላው የእግር ኳስ ጨዋታ የሳተ ምት ከውጤቱ ላይ አይታይም። በዚህኛው ግን ለጥቂት የሳተውም ይጻፋል፤ ግቡ ለብቻው፥ ቢሃይንዱ ለብቻው፥ ድምሩም በመጨረሻ ይሰፍራል። በምሰሶዎቹ አጠገብ የሚቆመው ዳኛ ለግብ ሁለት ባንዲራ፥ ለቢሃይንድ አንድ ባንዲራ ያውለበልባል፤ ያየውንም ወዲያው በካርድ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ መዝገቡን ያነበበ ሰው ቡድኑ ስንት ጊዜ ወደ ደጁ እንደ ደረሰና ስንት ጊዜ ደጁን እንደ ከፈተ ያውቃል፤ ወይም ያወቀ ይመስለዋል።

በዚያ አገር ቡድን እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሕፃኑ ገና አፉን ሳይፈታ የአባቱ ወይም የእናቱ ቡድን ልብስ ይለብስለታል። ደግሞም አባትየው ለማኅበሩ በቂ ግጥሚያ የተጫወተ እንደ ሆነ፥ ለጨዋታ የደረሰውን ልጁን ለመውሰድ ያ ማኅበር ከሌሎቹ ቅድሚያ የሚያገኝበት ሥርዓት ተሠርቷል። ስለዚህ በግጥሚያው ማግስት በየገበታው የሚነሣው ክርክር እንደ ቤተ ሰብ ክርክር ነው፤ የሚፈረድበትም እንደ ልጅ የሚወደድ ነው። አንዱ ደጋፊ፥ ተሸነፍን እንጂ ጥፋት የለብንም፤ ዳኛው ነው፤ ነፋሱ ነው ይላል። ሌላው በቁጣ ተነሥቶ፥ እግራቸው ይሰበር፥ ከቶ መምታት አያውቁም ይላል። ሦስተኛው ግን ዝም ብሎ መዝገቡን ይስባል፤ የእኛም ነገር ከዚህ ከሦስተኛው ሰው ጋራ ነው።

ይህ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቡድኑ ብርታት ነው። ኳሱ በፊት ለፊታችን ስንት ጊዜ ደረሰ? በግርግሩ መካከል ኳሱን ቀድሞ የሚያነሣው የማን ሰው ነው? ግጥሚያው አራት ክፍል ስላለው፥ ጉልበት በሚደክምበት በአራተኛው ክፍል ማን ይሮጣል? ያሸነፍነውስ ብርቱውን ነው ወይስ ደካማውን? እነዚህን ጥያቄዎች ከመለሰ በኋላ ወደ አመታቱ ይሄዳል።

አመታቱ ራሱን የቻለ ብልሃት ነው። ዛሬ ተጫዋቾች ይልቁን የሚሠሩበት ድሮፕ ፐንት የሚባለው ነው። መቺው ኳሱን በቁሙ ይይዘዋል፤ ወደ እግሩ ይለቀዋል፤ መሬት ሳይነካ የታችኛውን ጫፉን ይመታዋል። ኳሱም ወደ ኋላ እየተገለባበጠ ይበርራል፤ ይህ መገለባበጥ በበረራው ያጸናዋል። ቶርፒዶ የሚሉት ሌላው አመታት ደግሞ ኳሱን እንደ እንዝርት እያሾረ ከድሮፕ ፐንት አርቆ ይልካል፤ ነገር ግን በትክክል መምታቱ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይስታል። ከምሰሶዎቹ ጎን በጠባብ ማዕዘን ላይ የቆመም ሰው ኳሱ በአየር ላይ እንዲታጠፍ አድርጎ የሚመታበት መንገድ አለው። አዋቂ ደጋፊ ኳሱ በሳተ ጊዜ እግሩን ብቻ አይመለከትም። ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የሚጀምረው ከእጅ ነው፤ ኳሱ ከእጅ ሲለቀቅ ጥቂት ያጋደለ እንደ ሆነ፥ እግር ቢቃናም ኳሱ አይቃናም። ደግሞም ባልንጀራው ከ15 ሜትር ያላነሰ ርቀት የመታለትን ኳስ በአየር ላይ የቀለበ ተጫዋች ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ እንዲመታ ይፈቀድለታል፤ ወደ ግብ ለመምታትም 30 ሰከንድ አለው። ያን ጊዜ ከምሰሶው በስተ ኋላ ያለው ሕዝብ ሁሉ ይጮኽበታል። በልምምድ ቀን የማይስት እግር በዚያች ሰዓት ይስታል፤ ምክንያቱም የሚመታው ከእግሩ ጋራ ልቡም ጭምር ነውና።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ እንግባ። ጂሎንግ በ2007 በዓመቱ የመጨረሻ ታላቅ ግጥሚያ ፖርት አደላይድን 163 ለ44 አሸነፈ፤ በመካከላቸው የነበረው የ119 ነጥብ ልዩነት በዚህ ታላቅ ግጥሚያ ታሪክ ከሁሉ የበለጠው ነው። ከ1963 ጀምሮ 44 ዓመት ዋንጫ ያላየ ከተማ በደስታ ሰከረ። በሚከተለውም ዓመት በ2008 ከመደበኛዎቹ 22 ግጥሚያዎች የተሸነፈው በአንዱ ብቻ ነበረ። እንዲህ ያለ ቡድን በታላቁ ግጥሚያ ይሸነፋል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሆውቶርን የሚባለው ቡድን 115 ለ89 አሸነፈው።

መዝገቡም እንዲህ ይላል፤ ሆውቶርን 18 ግብ፥ 7 ቢሃይንድ፤ ጂሎንግ 11 ግብ፥ 23 ቢሃይንድ። ጂሎንግ 34 ጊዜ ነጥብ አገኘ፤ ሆውቶርን 25 ጊዜ ብቻ። ይህን ያነበበ ደጋፊ ሁሉ፥ ብርታት ነበረን፥ ያዋረደን አመታታችን ነው ቢል አያስደንቅም። ከሦስት አንድ ብቻ ያገባ እግር ምን ይባላል?

ነገር ግን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደ ተባለው፥ ከ23ቱ ቢሃይንድ 11ዱን ወደ ኋላ ያሳለፉት የሆውቶርን ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ብልሃታቸው እንዲህ ነው። ኳሱ በደጃቸው ሲያስጨንቃቸው፥ 6 ነጥብ ከምንሰጥ 1 ነጥብ እንስጥ ብለው በገዛ እጃቸው ከመስመሩ ያሳልፉታል። ቢሃይንድ በተቆጠረ ጊዜ ኳሱን ዳግመኛ የሚያስነሣው ተከላካዩ ስለ ሆነ፥ በአንድ ነጥብ ዕረፍትንም ኳስንም ይገዛሉ። ስለዚህ እነዚህ 11ዱ የሳቱ ምቶች ተብለው በጂሎንግ እግር ላይ ሊጻፉ አይገባም። እነርሱ ሲቀነሱ የሚቀረው 11 ግብና 12 ቢሃይንድ ነው፤ ከሁለት አንድ ያህል ማለት ነው። ይህም ከሆውቶርን 18 ከ25 ያንሳል፤ እንግዲህ አመታቱ ከነቀፋ ፈጽሞ ነጻ አይሆንም፤ የነቀፋው መጠን ግን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የቀረው ጥፋት የሚገኘው ከእግር ዘንድ አይደለም፤ ባላጋራ አዲስ ብልሃት ሲያመጣ መልሱን በዚያው ቀን ሳያገኙ ከመቅረታቸው ላይ ነው። ሕግ አውጪዎቹም ነገሩን አይተው በ2009 ሕጉን አሻሻሉት፤ ሳይጨነቅ ሆን ብሎ ኳሱን ወደ ኋላ የሚያሳልፍ ተከላካይ ቅጣት ምት እንዲሰጥበት ደነገጉ።

አንድ ነጥብስ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር የ1989ን ታላቅ ግጥሚያ እናስታውሰዋለን። በዚያን ቀን ጂሎንግና ሆውቶርን እኩል 21፥ 21 ግብ አገቡ። ጋሪ አብሌት የሚባለው የጂሎንግ ሰው ብቻውን 9 ግብ አገባ፤ በተሸነፈው ወገን ሳለም የቀኑን የክብር ሜዳልያ ተቀበለ። ሆውቶርን ግን 18 ቢሃይንድ ነበረው፤ ጂሎንግ 12። በዚህች በተናቀች የአንድ ነጥብ ጥርቅም 144 ለ138 ሆነና ጂሎንግ ተሸነፈ። ያ ታላቅ መቺም ዋንጫ ሳይነካ የጨዋታ ዘመኑን ፈጸመ።

በ2009 ጂሎንግ እንደገና በታላቁ ግጥሚያ ቆመ። ባላጋራው ሴንት ኪልዳ በመደበኛዎቹ 22 ግጥሚያዎች የተሸነፈው በሁለት ብቻ ነበረ። በመጨረሻው ክፍል ነጥባቸው እኩል ሆኖ ሳለ ማቲው ስካርሌት የሚባለው የጂሎንግ ተከላካይ ኳሱን በእግሩ ጫፍ ገፋና ለባልንጀራው አደረሰ፤ ከዚያም ነገሩ ወደ ግብ አመራ። ያ ባልንጀራው የታላቁ አብሌት ልጅ፥ እንደ አባቱ ጋሪ የተባለው ነው። ስካርሌትም አባቱ ለዚሁ ማኅበር የተጫወተ ነበረ። ውጤቱም 80 ለ68 ሆነ፤ ጂሎንግ 12 ግብ 8 ቢሃይንድ፥ ሴንት ኪልዳ 9 ግብ 14 ቢሃይንድ። እነሆ፥ ባለፈው ዓመት ጂሎንግን ያስለቀሰው መዝገብ ተገልብጦ ሌላውን አስለቀሰ፤ 23 ጊዜ ነጥብ ያገኘው 20 ጊዜ ባገኘው ተሸነፈ።

የደጋፊ ቅንነት የሚፈተነው ግን በዚህ ነው። በ2008 መዝገቡ አይመርመር ያላለ የጂሎንግ ሰው በ2009ም እንዲሁ ይላልን? ከጂሎንግ 12 ግቦች አንዱን ኳሱ ምሰሶውን ነክቶ ሳለ ዳኛው ግብ ብሎ ጽፎት ነበረ፤ ይህም በኋላ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ታየ። በሕጉ 1 ነጥብ የሚገባው ነገር 6 ተቆጠረ። ልዩነቱ 12 ነጥብ ስለ ነበረ፥ አምስቱ ቢቀነስም ድሉ በቍጥር አይሻርም፤ ሆኖም ያች ግብ ባትቆጠር የጨዋታው መንፈስ ወዴት ይዞር እንደ ነበረ ማንም ሊምል አይችልም። ቅን ደጋፊ ሁለቱንም አብሮ ይናገራል፤ አሸንፈናል፥ ነገር ግን ያች ግብ የእኛ አልነበረችም ይላል። ከ2012 ጀምሮ ዳኛ በተጠራጠረ ጊዜ ሥዕሉ እንዲመረመር ሥርዓት ተሠራ። የሰው ዓይን ብቻውን እንደማይበቃ ማመን ለዳኛ ውርደት አልሆነበትም።

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የምንወስደው ይህ ነው። ልጃችን ከትምህርት ቤት ዝቅተኛ ቍጥር ይዞ ሲመጣ፥ ቍጥሩ 23 ቢሃይንድ ነው። በቁጣ ከመነሣታችን በፊት፥ ከእነዚህ ስንቱ የራሱ ስሕተት ነው፥ ስንቱስ ሌላ ሰው ገፍቶ ያሳለፈበት ነው ብለን እንጠይቅ። ስሕተቱ የእርሱ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፥ ከእግሩ ነው ወይስ ከእጁ፥ ባለማወቅ ነው ወይስ ሕዝብ ሲጮኽበት በመደንገጥ ነው ብለን እንለይ፤ መድኃኒቱ እንደ ሥሩ ይለያያልና። በአንጻሩም የማይገባውን ምስጋና አግኝቶ ሲመጣ፥ ያች ግብ የእርሱ እንዳልነበረች በፍቅር እንንገረው። እንዲህ የተፈረደለት ልጅ ነገ በወንበር ቢቀመጥ ለሰው እንዲሁ ይፈርዳል፤ በፍርድ አደባባይ የሚታየው ቅንነት አስቀድሞ በገበታ ዙሪያ የተማሩት ነውና።