የቤተሰብ ዓምድ፦ አሸዋ ሲነሣ ዓሣ ይወርዳልን?



በቅርቡ አንዲት የራሞት እናት ወደ እኛ መጥታ ነበር። የ7 ዓመት ልጇ ነፋስ በተነሣ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል። አባቱ «ወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ ተቆጣው። አያቱም «ዓይን ነክቶት ይሆናል» አሉ። ልጁን ቀስ ብለን ስንጠይቀው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ከታላቅ ወንድሙ ጋር «ሻርክኔዶ» የተባለ ፊልም አይቷል።

ይህ ፊልም በ2013 በአሜሪካ በትንሽ ገንዘብ ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው። እስከ 2018 ድረስ በጠቅላላው 6 ፊልም ሆኗል። ዐውሎ ነፋስ ሻርክ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ከባሕር አንሥቶ በከተማ ላይ ሲያዘንበው፣ ዓሣውም ሰው ሲበላ ያሳያል። በአየር የሚበሩት ዓሣዎች በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ይስቁበታል። የቤር ሼቫን የአሸዋ ነፋስ በመስኮት ለሚያይ ሕፃን ግን ቀልድ አይደለም።

እኛስ በልጅነታችን «አያ ጅቦ መጣ» ሲሉን አልተሸፋፈንንም? በአገር ቤትም ወላጆቻችንን «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያሉ ያገልሏቸው ነበር። የሌለ አውሬ ሰውን እንደሚጎዳ እኛ በደንብ እናውቃለን። ስለዚህ በልጅ ፍርሃት አንሣቅ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፦ ዕብራይስጡ ባይገባችሁም ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ። ልጁ ያየውን በአማርኛ ይንገራችሁ፤ ወይም ይሣለው።

ሁለተኛ፦ በእስራኤል በ2001 በወጣው ሕግ መሠረት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ምልክት ይደረግበታል። ፊደሉን የማያነብ ወላጅም ቁጥሩን ያውቃል። ቁጥሩ ከልጁ ዕድሜ ከበለጠ ዝጉት።

ሦስተኛ፦ «ዝም በል፣ ዓሣው ይበላሃል» እያላችሁ አታስፈራሩ።

ፍርሃቱ ሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ ከከለከለው፣ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ (ለዮዔጼት) ወይም ለቤተሰብ ሐኪም ንገሩ። ይህ አያሳፍርም።

የዚያ ልጅ አባት በመጨረሻ ቁጣውን ትቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እሱም ከብት ሲጠብቅ ሲመሽበት የጅብ ድምፅ ያስለቅሰው እንደነበር ነገረው። ልጁ «አንተም ትፈራ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። በሚቀጥለው የነፋስ ቀን የአባቱን እጅ ይዞ በመስኮት አየ። የወረደው አሸዋ ብቻ ነበር።