ብረቱ ለምን እዚያው አይቀልጥም?

ባለፈው ወር የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ቁርጭምጭሚቷ ውስጥ የገባው ብሎን እንዲወጣ ቀጠሮ ነበራት። ከዋዜማው ጀምሮ አኩርፋ እራት አልበላም አለች። የፈራችው ማደንዘዣውን ነው፤ ባለፈው ስትነቃ አስመልሷት ነበር። "እማማ፣ ብረቱ ለምን እዚያው አይቀልጥም?" ብላ ጠየቀችኝ።

ብዙ ዘመኔን በአጥንት ሕክምና ክፍል በነርስነት ስለሠራሁ ጥያቄዋ የሕፃን ወሬ አልመሰለኝም። ልጆች ስለሚያድጉ ብረቱ ብዙ ጊዜ መውጣት አለበት። ይህ ማለት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛ ማደንዘዣ፣ ሁለተኛ የመሳፈሪያ ወጪ ነው። አንዲት የገጠር እናት አልረሳም፤ በስድስት ወር ተቀጥራ፣ መሳፈሪያ አጥታ በሦስተኛው ዓመት ልጇን ይዛ ስትመጣ የብሎኑን ራስ አጥንት ሸፍኖት ነበር።

የሚሟሟ ብረትስ አለ፤ ማግኒዥየም ይባላል። እኛ ነርሶች የምናውቀው ደም ግፊት ጨምሮ ለሚያንቀጠቅጣት ነፍሰ ጡር በሚሰጠው መርፌ ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ 25 ግራም ያህል አለ፤ ከግማሽ በላዩ ያለው አጥንት ውስጥ ነው። ትርፉን ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አልቢን ላምቦት የተባለ ቤልጂየማዊ ሐኪም የአንድ የ17 ዓመት ወጣት እግር ሲሰበር በማግኒዥየም ዝርግና ወርቅ በተቀባ የብረት ሚስማር አጋጠመው። ማግኒዥየም ሌላ ብረት ሲነካው ይበልጥ ይበላል፤ ዝርጉ በስምንት ቀን ተፈረካክሶ ከቆዳው ሥር ጋዝ ሞላ። አጥንት ለመግጠም ሳምንታት ይፈልጋል፣ ስምንት ቀን ምን ያደርጋል?

ማግኒዥየም ብቻውን ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ይበላል። መላው የተገኘው ውስጡን በማድቀቅ ነው። ማንኛውም ብረት ቀልጦ ሲረጋ በውስጡ ቅንጣቶች ይሠራል። የማግኒዥየም ቅንጣቶች ሻካራ ሲሆኑ፣ ሸካራ ዱቄት እንደተጋገረ ቂጣ በቀላሉ ይሸነፋል። ስለዚህ ብረቱን አሙቀው፣ ማካሮኒ እንደሚወጣበት ማሽን በጠባብ ቀዳዳ ይገፉታል፤ ቅንጣቶቹም ይደቃሉ። ብረት የሚጎብጠው በየቅንጣቱ ውስጥ ያለው ንብርብር ሲንሸራተት ነው፤ መንሸራተቱ ደግሞ የቅንጣቱ ድንበር ላይ ሲደርስ ይገታል። ድንበር በበዛ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል። ከዚያ በፊት ግን ብረቱ ሲቀልጥ ጥቂት ዚንክና ካልሲየም ይጨመርበታል፤ እንደ ወጥ ጨው ነው፣ ከበዛ ጓል ሠርቶ መበላቱን ያፋጥናል። ጥቂት የብረት ወይም የኒኬል ቆሻሻ ከገባበትም እንዲሁ።

ማግኔዚክስ የተባለው የጀርመን ብሎን በአውሮፓ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። በኦስትሪያ ግራትስ ደግሞ ዚንክም ካልሲየምም ከመቶ ግማሽ እጅ በታች የሆነበት ብሎን በቁርጭምጭሚት ስብራት ላይ ተሞክሯል። ለጭን አጥንት ግን አቅሙ አይበቃም። ራጅ ላይም በብሎኑ ዙሪያ የጋዝ ጥላ ስለሚታይ የማያውቅ ሐኪም መግል መስሎት ሊደነግጥ ይችላል።

እኛ አገር ለልጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የተለመደው ብረት ነው። ገና ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በፊት "ይህ ይወጣል ወይስ ይቀራል? መቼ?" ብላችሁ ጠይቁና ቀኑን ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት።

የእኛዋ በሰላም ወጣላት፤ ማስመለሱ ግን አልቀረም። ብሎኑን በክብሪት ቀፎ አድርጋ ለክፍል ጓደኞቿ ልታሳይ ይዛው ሄዳለች።