ባግዳድን ያፈረሷት ሞንጎሎች ብቻ አይደሉም

ረመዳን በመጣ ቁጥር ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዳችን ለወጣቶች የታሪክ ትምህርት እንሰጣለን። ጾመኛ ሲደክመው ከፊቅህ ይልቅ ታሪክ ይቀለዋል፤ እኛም ብንሆን ከኢፍጣር በፊት ያለችውን ያቺን ረጅም ሰዓት በታሪክ መግፋት እንወዳለን። ከሁሉም ተወዳጁ የባግዳድ ታሪክ ነው። ለዓመታት ስናወራው የኖርነው እንዲህ ነበር፦ ባግዳድ በዘመኗ ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷ ሆነች፣ የጥበብ ቤት ተከፈተባት፣ ከዚያ ሁላጉ መጣ፣ መጻሕፍቷን ወንዝ ውስጥ ጣለ፣ አለቀ። ደረሳው ያዝናል፣ እኛም እናዝናለን፣ አዛን ይላል፣ ተምር እንቀምሳለን።

ባለፈው ረመዳን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «ሸኻችን፣ ያ ሁሉ ሰው ውሃ ከየት ይጠጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። በእሱ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ወረፋው የደረሰ ቀን ጀሪካኑን ሞልቶ ቤት አድርሶ ነው ወደ ትምህርቱ የሚሮጠው። «ከዲጅላ» ብለን አለፍነው። ልጁ አልረካም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አልረካንም። ከተራዊህ በኋላ ኪታቦቻችንን ስናገላብጥ፣ ለዓመታት ያወራነው ታሪክ ጎዶሎ መሆኑን አየን። ይህን የምንጽፈው የዚያን ልጅ ዕዳ ለመክፈል ነው።

ባግዳድን የቆረቆራት ሁለተኛው የዐባሲያ ኸሊፋ አቡ ጀዕፈር አል መንሱር ነው፤ ጊዜው 145 ዓመተ ሂጅራ፣ 762 እ.ኤ.አ. ነበር። ስሟንም «መዲነቱ ሰላም»፣ የሰላም ከተማ አላት። አጥ ጠበሪ እንደሚተርኩት፣ የከተማዋ ቅርጽ መጀመሪያ መሬት ላይ በአመድ ተሰመረ። ኸሊፋውም በመስመሩ ላይ ተራምዶ አየው። ቀጥሎ በአመዱ ላይ በነዳጅ የተነከረ የጥጥ ፍሬ ተደርድሮ እሳት ተለቀቀበት፣ ከተማዋ ከመሠራቷ በፊት በነበልባል ተስላ ታየች። ቅርጿ ክብ ነበር። አራት በሮች ነበሯት፦ የኩፋ፣ የበስራ፣ የኹራሳንና የሻም።

በዚህ ሥራ መሐል ከእኛ ቤት አንድ ታላቅ ሰው ነበሩ። በወሎና በሌሎችም የአገራችን አካባቢዎች ብዙዎች መዝሀባቸውን የሚከተሏቸው ኢማም አቡ ሐኒፋ፣ የዳኝነት ሹመት ተሰጥቷቸው እምቢ አሉ። ኸሊፋው በሹመቱ አስገድዳለሁ ብሎ ምሎ ስለነበር፣ መሐላው እንዳይፈርስ ጡብ የማስቆጠሩን ሥራ ሰጣቸው ይባላል። እርሳቸውም ጡቡን አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ ክምሩን በሸምበቆ ዘንግ ለኩት። እኚሁ ኢማም በ150 ዓመተ ሂጅራ እዚያችው ባግዳድ አረፉ፤ ብዙዎች እንደሚተርኩት በእስር ላይ ሳሉ። የሰላም ከተማ ገና ከጅምሯ እንዲህም ነበረች።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። አል መንሱር ያንን ቦታ የመረጠው ስለ ውሃው ነው። በዲጅላ በኩል ከበስራ፣ ከህንድና ከቻይና በባሕር የመጣ ዕቃ ይደርሳል፤ በፉራት በኩል የሻም እህል ይመጣል። በሁለቱ ወንዞች መካከል ቦዮች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ነህረ ዒሳ የሚባለው፣ ከፉራት ተነሥቶ ወደ ባግዳድ የሚወርድ ነው፤ ዱቄት የጫኑ ጀልባዎች በዚህ ቦይ አድርገው ገበያው ወደነበረበት ወደ አል ከርኽ ይገቡ ነበር። ገበያው በመጀመሪያ በክቡ ቅጥር ውስጥ ነበር፤ በ157 ዓመተ ሂጅራ አል መንሱር ራሱ ወደ ከርኽ አዛወረው። ከዲጅላ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ነህረዋን አለ። እርሱ ከእስልምና በፊት በነበሩት የፋርስ ነገሥታት ዘመን የተቆፈረ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ ነው። የከተማዋን ሆድ ይሞላ የነበረው እሱ የሚያጠጣው መሬት ነው። ሙስሊሞቹ ቦዩን ከቀደሙት ተረከቡ፣ ጠረጉት፣ ጠበቁት። ትልቅነቷ የመጣው ከዚህ ነው። የጥበብ ቤት የመጣው ዳቦው ከተገኘ በኋላ ነው። ይህን ደግሞ ከሚምበር ላይ ብለነው አናውቅም።

የሕዝቡን ቁጥር በተመለከተ የታሪክ ሊቃውንት አይስማሙም። ከጥቂት መቶ ሺህ እስከ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይገምታሉ። ከርሷ በፊት ሮም ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ እንደነበራት ይገመታል፤ የቻይናዋ ቻንግ አንም የባግዳድ እኩያ ነበረች። የእኛዎቹ የጥንት ጸሐፊዎች ግን ከተማቸውን ሲያሞግሱ እጃቸው አይታጠፍም። ታላቁ ሊቅ አል ኸጢብ አል ባግዳዲ ካሰፈሯቸው ዘገባዎች አንዱ፣ በባግዳድ 60 ሺህ መታጠቢያ ቤቶች እንደነበሩና በእያንዳንዱ አንጻር አምስት አምስት መስጊድ እንደነበረ ይናገራል። ሲባዛ 300 ሺህ መስጊድ ይሆናል። ያን ሁሉ ኢማም ከየት እንዳመጡት አላህ ይወቅ። እኛ በአንዱ መስጊድ ለተራዊህ የሚተካን ሐፊዝ ለማግኘት ስንት ደጅ እንጠናለን! ቁጥር ማጋነን የዛሬ በሽታ አለመሆኑን ለማሳየት ነው ይህን ያነሣነው።

አሁን ወደ ጎዶሎው እንምጣ።

ሁላጉ ባግዳድን የያዘው በ1258 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ 74 ዓመት ቀድሞ፣ በ1184፣ ከአንዳሉስ የመጣው መንገደኛ ኢብን ጁበይር ባግዳድን አይቷል። ምን አገኘ? የከተማዋ አብዛኛው ክፍል ጠፍቶ ዝነኛ ስሟ ብቻ እንደቀረ ነው የጻፈው። ሞንጎሎቹ ገና አልመጡም። ታዲያ ማን አጠፋት?

መጀመሪያ ወንድማማቾች ናቸው። የሃሩን አር ረሺድ ልጆች አሚንና መእሙን በሥልጣን ተጣሉ። በ812 የመእሙን ጦር ባግዳድን ከበበ፤ ከበባው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። መንጀኒቅ ሰፈሩን ደበደበው፣ የምግብ ጀልባዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ፣ ቅድመ አያታቸው አል መንሱር የሠራት ከተማ በልጅ ልጁ ልጆች እጅ ተቃጠለች። በሁለቱም ወገን ያሉት ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ነበሩ።

ቀጥሎ ሆዳሞቹ መጡ። በኸሊፋ አል ሙቅተድር ዘመን፣ በ308 ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ የባግዳድ ሕዝብ በእህል ውድነት ተነሣ። እህሉ አልጠፋም፤ ጎተራ ውስጥ ነበር። ጎተራው ደግሞ የራሱ የወዚሩ የሐሚድ ኢብኑል ዐባስና የሌሎች ሹማምንት ነበር፤ የአካባቢውን ግብር የተኮናተረው ራሱ ወዚሩ ነበርና። ሕዝቡ ሁከት አነሣ፣ ሚምበር ሰበረ። በመጨረሻ ኸሊፋው ጎተራው ይከፈት ብሎ አዘዘ፤ ስንዴውና ገብሱ በቅናሽ ተሸጠ። ምግብ አከማችቶ ውድነትን የሚጠባበቅ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ሐሚድም ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው አይመስለንም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። በ937 ኢብን ራኢቅ የሚባለው የጦር አዛዥ፣ በጅከም የሚባል ተቀናቃኙ ወደ ባግዳድ ሲገሰግስበት፣ መንገዱን በውሃ ለማጥለቅለቅ ብሎ የነህረዋንን ቦይ ሰበረው። በጅከም ከመምጣት አልቀረም። ኢብን ራኢቅም ሥልጣኑን አጣ። የተጎዳው ገበሬው ነው፤ መሬቱ ደረቀ፣ ሕዝቡ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ የመጡ ገዢዎች ቦዮችን ለመጠገን ሞክረዋል፤ አገሩ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ለአንድ ወቅት ጠብ ሲባል የትውልዶች ሥራ ተበጠሰ። ቁርኣን ስለ ሰበእ ሕዝብና ስለ ግድባቸው መፍረስ የሚነግረንን ሱራ ስንቀራ፣ ነህረዋን ትዝ ሳይለን ቀርቶ አያውቅም፤ ማለት ከዚያ ልጅ ጥያቄ ወዲህ።

ይህን ስንናገር «የሁላጉን ወንጀል ልታቀሉ ነው ወይ?» ያሉን ወንድሞች አሉ። አይደለም። የ1258ቱ እልቂት እልቂት ነው፤ ኸሊፋው አል ሙስተዕሲም ተገደለ፣ የሞተው ሕዝብ ቁጥሩ በውል አይታወቅም፣ ግፉ ግፍ ነው። ጭንቀታችን ሌላ ነው። ጥፋት ሁሉ ከውጭ ይመጣል ብሎ ያደገ ልጅ፣ ጠላት መጠበቅ እንጂ ቦይ መጥረግ አይማርም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ያስተማርነው ይህንን ከሆነ፣ የጠየቀን ሰው ባይኖርም በአላህ ፊት እንጠየቅበታለን።

ነገሩ ደግሞ ያለፈ ብቻ አይደለም። ባለ ብዙ ሕዝቧ ከተማ ማን ናት የሚለው መልስ ሲዞር ኖሯል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ነበረች፣ ቀጥሎ ኒው ዮርክ፣ ቀጥሎ ቶኪዮ። የተባበሩት መንግሥታት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ቀዳሚዋ ጃካርታ ናት፤ ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ። ሁለተኛዋ ዳካ ናት። ሁለቱም አብዛኛው ሕዝባቸው በዚህ ወር የሚጾም ነው። መኩራት ይቻላል፤ ግን ጃካርታ እየሰመጠች ነው። የቧንቧ ውሃ ለሁሉም ስላልደረሰ ሰዉ ከመሬት ሥር ውሃ ይስባል፣ መሬቱ ይወርዳል፣ ባሕሩ ይገባል። ኢንዶኔዥያ አዲስ ዋና ከተማ በሌላ ደሴት ላይ መሥራት ጀምራለች። የልጁ ጥያቄ እዚያም አለ።

እኛም ጋ አለ። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲ፣ ከድሬ ግድቦችና ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ትጠጣለች። በረመዳን ለውዱእ የሚፈሰውን ውሃ ያየ ሰው ይህን የምናስበው አይመስለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉበት ውሃ ከአንድ ሊትር የማይሞላ እንደነበር ከልጅነታችን ጀምረን ቀርተናል፤ ቧንቧውን ግን ከፍተን እናወራለን። ስለ ተምርና ስለ ዘይት ዋጋም ዝም አንልም። የሻዕባን መጨረሻ ላይ ዕቃ ቆልፎ የረመዳን ሦስተኛ ቀን በጭማሪ የሚያወጣ ነጋዴ፣ በዚያው ሌሊት ከፊት ሰፍ ቆሞ ሲያለቅስ እናያለን። ስም አንጠራም። ሶላቱን አላህ ይቀበለው፤ መጋዘኑን ግን ይክፈተው።

ዘንድሮ ትምህርቱን የጀመርነው ከሁላጉ ሳይሆን ከነህረዋን ነው። ዲጅላንና ቦዩን ሰሌዳ ላይ የሳለው ያው ልጅ ነው፤ አንድ ዓመት ጨምሯል፣ ድምፁም መጎርነን ጀምሯል። ኢብን ራኢቅ የሰበረውን ቦታ በቀይ ጠመኔ አሰመረና «ሲሰብሩት ገበሬዎቹ ዝም አሉ እንዴ?» አለን። ኪታቦቹ የአዛዦቹን ስም እንጂ የገበሬዎቹን ቃል አልጻፉልንም። አዛኑ እስኪል ድረስ ልጆቹ በዚሁ ሲከራከሩ ቆዩ፤ እኛም አላቋረጥናቸውም።