ለአገልግሎት ስንወጣ ቤታችንስ?

በዛሬው ዓምዳችን የአንድ ስፖርተኛና የባለቤቱን ሕይወት እንመለከታለን።

ክሪኬት በአገራችን ብዙም አይታወቅም። እንደ ገና ጨዋታ እንጨትና ኳስ አለው፤ መቺው የተወረወረለትን ኳስ በጠፍጣፋ እንጨት መትቶ እየሮጠ ነጥብ ያስቆጥራል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ስተድ በዚህ ጨዋታ ስሙ የገነነ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ከአውስትራሊያ ቡድን ጋር በተደረጉ ግጥሚያዎች ሁለት ጊዜ ከመቶ በላይ ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ለንደን ላይ በአውስትራሊያ በ7 ነጥብ ስትሸነፍ ግን በመጨረሻው ዙር አንድም ኳስ ሳይደርሰው ጨዋታው አበቃ።

በኋላም ወንድሙ በጽኑ ታመመ። ስተድ የወንድሙን ሁኔታ ሲያይ፣ የሜዳ ጭብጨባ በሞት ፊት ምንም እንደማይጠቅም ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1885 ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ወንጌል ይዞ ወደ ቻይና ሄደ። ከአባቱ የወረሰውን 29,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብም ለጌታ ሥራ ማከፋፈል ጀመረ። በ1888 ፕሪሲላን ሊያገባ ሲል የቀረውን ለእርስዋ ሰጣት። እርስዋ ግን ጌታ ለሀብታሙ ወጣት የተናገረውን አስታወሰችው፤ ያንንም አብረው ሰጡ። እንዴት ያለ አንድ ልብ ነው!

የኋለኛው ታሪካቸው ግን ልብ ይነካል። ስተድ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ ኮንጎ ሲሄድ ፕሪሲላ በልብ ሕመም ምክንያት እንግሊዝ ቀረች። ከ1916 ወዲህ እርሱ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1928 ለሁለት ሳምንት ያህል ሄዳ አየችው፤ በ1929 አረፈች። እርሱም በ1931 እዚያው ኮንጎ አረፈ።

በእርሱ አገልግሎት ብዙዎች ወንጌልን ስለ ሰሙ ጌታን እናመሰግናለን። ሆኖም ቅንዓቱን ስናደንቅ የመለያየቱን ዋጋ አንርሳ።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከሐይቅና ከአምባሰል ስንቱ ለእንጀራ ወደ ዓረብ አገር ተሻግሯል! ወንጌል ይዞ ከቤቱ ርቆ የሚከርምም አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ባልና ሚስት ቢለያዩ እንኳ ተስማምተው፣ ለጊዜው ብቻ እንዲሆን ይመክራል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። እንግዲህ ባለትዳሮች፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። በእርግጥ ሁለታችሁም ተስማምታችኋል? ወይስ አንዳችሁ በዝምታ አለፋችሁት? የመመለሻውስ ጊዜ መቼ ነው? ልጆቹን ማን ያያል?

ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ አላት። ወንድምን በጸሎት ከሸኘን በኋላ፣ የቀረችውን እህት በር እናንኳኳ። ስትታመም እንጠይቃት፤ ልጆችዋንም እንደ ልጆቻችን እንይ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!